ሕፃን ለያዙ የተከለለ ፓርኪንግ፦ በሩ ካልተከፈተ ቅርብ መሆኑ ምን ይጠቅማል?

የመንትዮች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት የደረሰብኝን ልንገራችሁና ሐሳባችሁን ስጡኝ።

የሰባት ወር መንትዮች አሉኝ። ገበያ ማዕከል ሄድኩ። መግቢያው አጠገብ የሕፃን ጋሪ የተሳለባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ላይ የልጅ ወንበር የሌለው መኪና ቆሟል። ሌላኛው ላይ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ስልክ ያወራል። ስለዚህ ሌላ ቦታ አቆምኩ። ጨርሼ ስመለስ ግራና ቀኝ መኪና ተጠግቶብኛል። የኋላው በር አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቶ ቀረ። ልጆቹን የማስገባበት መንገድ የለም። መኪናውን ላውጣ ብል ልጆቹን የት ላድርጋቸው? ጋሪውን መኪና በሚመላለስበት መተላለፊያ ላይ ትቼ መሪ ልያዝ? የአንደኛው መኪና ባለቤት እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆሜ ጠበቅሁ። አንዱ ልጅ ተኝቷል፣ ሌላው ያለቅሳል።

ሰውየው አሁንም ስልክ እያወራ ነበር። ሄጄ በትህትና ነገርኩት። «ሕግ ነው እንዴ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነት ሕግ ነው? እናንተስ እንዲህ ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ሾፌሩ፦
እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔም እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ አቁሜያለሁ። ቦታው ለወላጆች የተሰጠው ወደ መግቢያው ቅርብ እንዲሆንላቸው ይመስለኝ ነበር። ልጅ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው፣ ጤነኛ ነው። ሃምሳ እርምጃ ቢራመድ ምን ይሆናል? ከእሱ ይልቅ አዛውንት አይቀድሙም ወይ? እያልኩ ነው የማስበው። ስለ በሩ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ዋናው ነገር እሱ ነው?

መለኪያ፦
አዎ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። ሥራዬ የሕንፃና የፓርኪንግ ንድፍ ስለሆነ ይህን ጥያቄ ሁሌ እሰማዋለሁ። ጉዳዩ የርቀት አይደለም፣ የወርድ ነው።

ቁጥሩን እንየው። በብሪታንያ የተለመደው የአንድ መኪና ቦታ 2.40 ሜትር ወርድ፣ 4.80 ሜትር ርዝመት አለው። መኪኖቹ ግን ከዓመት ዓመት እየሰፉ ነው። በአውሮፓ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች አማካይ ወርድ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ1.80 ሜትር አልፏል። ስፖኪዮው ሳይቆጠር ማለት ነው። ሁለት መኪኖች መሐል ለመሐል አስተካክለው ቢቆሙ እንኳ በመካከላቸው የሚቀረው 60 ሳንቲሜትር ነው። አንደኛው ወደ መስመሩ ከተጠጋ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

አሁን የሕፃኑን ወንበር አስቡ። ወርዱ እስከ 44 ሳንቲሜትር ይደርሳል። በሩ የራሱ ውፍረት አለው። የያዘው ሰው አካልም አለ። ሦስቱ በ60 ሳንቲሜትር ውስጥ አይገቡም። ብቻህን ስትሆን በጎን ሾልከህ ትገባለህ። ሕፃን ስታስገባ ግን ጎንበስ ትላለህ፣ ጭንቅላቱ ጣሪያውን እንዳይመታ በአንድ እጅህ ትጠብቃለህ፣ በሌላኛው ቀበቶውን ትፈልጋለህ። ለዚያ በሩ በደንብ መከፈት አለበት። ሌላ መንገድ የለውም።

ስለዚህ ለወላጅ ቦታ ሲሰጥ ከሕንፃው መጨረሻ ጥግ ቢሆንም ችግር የለም። ሰፊ ይሁን እንጂ።

ባለዊልቸር፦
መለኪያ ያልከው በሙሉ ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን በዚህ ውይይት መጀመሪያ ላይ ግልጽ እንዲሆን እፈልጋለሁ። የእኛና የወላጆች ቦታ አንድ አይደለም።

ከእኔ ቦታ ጎን ያለው በሰያፍ የተሰመረ ክፍት ቦታ ዊልቸሬን የማወርድበት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ከመኪናው ጎን ቢያንስ 1.52 ሜትር ክፍት መተው አለበት። በብሪታንያ 1.20 ሜትር ነው። የብሪታንያ የአካል ጉዳተኞች ባጅ እ.ኤ.አ. በ1971 በብርቱካን ቀለም ተጀምሮ በ2000 ሰማያዊ ሆነ። ያን ያህል ዘመን የተለፋበት መብት ነው።

አንድ ቀን ስመለስ የተሰመረው ክፍት ቦታ ላይ መኪና ቆሞ አገኘሁ። አንዲት እናት «ልጁ ስላለቀሰብኝ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ» አለችኝ። ሁለት ደቂቃው አርባ ደቂቃ ሆኖ ነበር። ልጅ ያላት ሰው ቢያስቸግራትም በሆነ መንገድ ትገባለች። እኔ ግን ጨርሶ አልገባም። ውጭ ነው የምቀረው። ሰፊ ቦታ ለወላጆች ይሰጥ፣ ከልቤ እደግፋለሁ። ከእኛ ላይ ተቀንሶ ግን አይሁን።

የመንትዮች እናት፦
ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ትናንት ያ ግማሽ ሰዓት ሲያስጨንቀኝ የአካል ጉዳተኞች ቦታ ባዶ ሆኖ አይቼ ልቤ ከጅሎ ነበር። አላደረግሁትም። ግን መከጀሌን አልደብቅህም። አንተ የጻፍከውን ካነበብኩ በኋላ ዳግም አላስበውም።

አያት ነኝ፦
ልጆቼ፣ እኔ አራት አሳድጌአለሁ። የልጅ ቦታ ብሎ ነገር አልነበረም። መኪናው ውስጥ ትልቋ ትንሹን ታቅፈዋለች፣ እንሄዳለን። የዛሬ ወላጅ ሁሉ ነገር ይከበድበታል። ሁሉም ሰው የየራሱ ቦታ ይከለልልኝ ካለ ለሌላው ምን ይቀራል? በክፋት አይደለም የምለው። ትዕግስት እንዳይጠፋ ብዬ ነው።

የአንድ ልጅ አባት፦
አባቴ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አንድ ነገር ልበል። ችግሩ የመጣው እኮ ያ የድሮው መታቀፍ ስለቀረ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ድንገት ቢጋጭ በታቀፈው ሰው ክንድ ላይ ከ100 ኪሎ በላይ የሚያህል ኃይል ያርፋል። ማንም ክንድ አይዘውም። ለዚህ ነው ልጁ ወንበሩ ላይ፣ ቀበቶው በደንብ ተጠብቆ መታሰር ያለበት። ወንበሩ ደግሞ ሰፊ በር ይፈልጋል። ፓርኪንጉ ግን የተሰመረው ልጅ በሚታቀፍበት ዘመን ልክ ነው። እርስዎ አራቱን በሰላም በማሳደግዎ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ግን ያንን አደጋ መውሰድ አንችልም።

ሌላም አለ። እኔ ከልጄ ጋር የወላጅ ቦታ ላይ ሳቆም ሁለት ጊዜ ተጠይቄአለሁ። ታፔላው ላይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ጋሪ ስትገፋ ነው የተሳለችው። «ይሄ የእናቶች ነው» አሉኝ። ልጄን የማመላልሰው እኔ ነኝ። ወላጅ ይባል። ወይም ጋሪው ብቻ ይሳል።

አያት ነኝ፦
የክንዱን ነገር አላወቅሁም ነበር። ተቀብያለሁ። አሁን ሳስበው ደግሞ የልጅ ልጄን ሳስገባ ወገቤን የሚያመኝ በሩ ስለማይከፈት ነው። ተጣምሜ ነው የማስረው። አያትስ በዚያ ቦታ ይጠቀማል ወይ?

የመንትዮች እናት፦
አባቴ፣ ልጁ አብሮዎት ካለ እንዴታ! ቦታው የተሰጠው ለሕፃኑ ነው።

ሕግ አንባቢ፦
የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ስላላገኘ እኔ ልሞክር። በአብዛኛው ቦታ የወላጅ ፓርኪንግ የትራፊክ ሕግ አይደለም። በብሪታንያም በጀርመንም የአካል ጉዳተኛ ቦታ በሕግ የታወቀ ምልክት አለው። የወላጅና ልጅ ቦታ ግን በትራፊክ ሕጉ ውስጥ የለም። የግል ግቢ ከሆነ የሚወስነው የግቢው ባለቤት ነው። ታፔላው ላይ «ልጅ ለያዙ ብቻ፣ ያለዚያ ይህን ያህል ይከፈላል» ብሎ በግልጽ ከጻፈ፣ አንተም አንብበህ ካቆምክ፣ እንደ ውል ይቆጠራል። ምንም ካልጻፈ ግን የቀረው ይሉኝታ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለዚያ ሰውዬ የሚሰጠው መልስ «ምናልባት ሕግ አይደለም፣ ግን የግቢው ባለቤት ለዚህ ብሎ ያሰመረው ነው» የሚል ነው። ሕግ አለመሆኑ ትክክል አያደርገውም።

ከተሞችም እየተማሩ ነው። ሴኡል እ.ኤ.አ. በ2009 በሮዝ መስመር የሴቶች ፓርኪንግ ጀምራ ነበር። በ2023 ወደ ቤተሰብ ፓርኪንግ መቀየር ጀመረች። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃን የያዙና መንቀሳቀስ የሚቸግራቸው አረጋውያን እንዲጠቀሙበት ማለት ነው። ከላይ የተነሳው የአባትም የአያትም ጥያቄ በዚያ መልስ አግኝቷል።

ሳሌም፦
የነፍሰ ጡር ነገር ከተነሳ እኔ ስምንት ወሬ ነው። ልጁ ገና አልተወለደም፣ ግን ሆዴ በበሩ አይወጣም። ባለፈው ሳምንት በተሳፋሪው በር በኩል ተሻግሬ ወጣሁ። ጋሪ የተሳለበት ቦታ ላይ ባቆም ትቆጡኛላችሁ?

መለኪያ፦
በወርድ ከተመዘነ ያለ ጥርጥር ይገባሻል። መመዘኛው በሩ እስከ ጫፍ ካልተከፈተ መውጣት ወይም ማውጣት አይቻልም ወይ የሚለው መሆን አለበት።

ግልጽ ልሁን፦
እኔ እዚህ ጋ ከብዙዎቻችሁ ጋር አልስማማም። መኪና ማቆሚያው ሞልቶ ሃያ ደቂቃ ስዞር ሁለት የወላጅ ቦታዎች ባዶ ሆነው አያለሁ። ማንም አይመጣባቸውም። ያ ብክነት ነው። ደግሞ መመዘኛው በሩ ነው ካላችሁ ወፍራም ሰውም በሩ ይጠበዋል፣ ወገቡን የሚያመው ሰውም ይጠበዋል። የት ላይ ይቆማል? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዞ የወላጅ ቦታ ላይ የሚያቆምም አይቻለሁ። ልጁ ራሱ በሩን ከፍቶ ሮጦ ይወጣል።

የአንድ ልጅ አባት፦
ዕድሜውን በተመለከተ ግማሽ ልክ ነህ። ራሱ በር ከፍቶ፣ ራሱ ቀበቶ የሚያስር ልጅ ሰፊ ቦታ አያስፈልገውም። እኔ የማውቀው ግን አንድ ጎረቤት አለ፣ ልጁ አስር ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። እጁን ከለቀቁት መኪና ይኑር አይኑር ሳያይ ይሮጣል። አባትየው በሩን ከፍቶ ፊት ለፊቱ ቆሞ እጁን ይዞ ነው የሚያወርደው። ከሩቅ ለሚያይ ጤነኛ ልጅ ነው። ስለዚህ ከመናገራችን በፊት ትንሽ እንጠብቅ።

የፓርኪንግ ጥበቃ፦
እኔ ሥራዬ እዚያው ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ የማየውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ መሬት ላይ የተቀባው ምልክት መኪና ሲቆምበት አይታይም። ብዙ ሰው እውነት ሳያይ ነው የሚያቆመው። ታፔላው በዓይን ትክክል ካልቆመ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ፣ ያለ ልጅ የሚያቆመው ሰው የሚፈልገው ወርዱን ሳይሆን ቅርበቱን ነው። እኔ በምሠራበት ግቢ ሁለቱን ቦታዎች ከመግቢያው አንስተው ወደ ጥግ ወሰዷቸው። በእግረኛ መንገዱ ዳር ነው ያሉት። የማይገባቸው ሰዎች መምጣት አቆሙ። ወላጆቹ ግን አሁንም ይመጣሉ፣ ምክንያቱም በሩ ይከፈታል። አንድም ቀን ሩቅ ነው ያለኝ እናት የለችም።

ሦስተኛውን ስጽፍ ልቤ ይፈራል። ልጅን መኪና መንገድ አሻግሮ መውሰድ ሲኖር ነው ችግሩ። ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያንስ ልጅ ወደኋላ ለሚነዳ ሰው በመስታወት አይታይም። አንድ ጊዜ ጮኼ ያስቆምኩት መኪና አለ። ልጁ ከኋላው ሁለት እርምጃ ላይ ኳስ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ነበር። ስለዚህ ሩቅ ይሁን ስል የእግረኛ መንገድ ይያያዘው ማለቴ ነው። ያለዚያ ቅርቡ ይሻላል።

ግልጽ ልሁን ላነሳው፦ ሲመሽና ወላጅ ሲቀንስ ባዶ ቦታውን ለሌላው እንከፍታለን። ታፔላው ላይ ሰዓት ተጽፎበታል። ቀን ላይ ግን ባዶ ሆኖ መታየቱ ብክነት አይመስለኝም። ባዶ ካልሆነ ለሚመጣው ምን ይጠቅመዋል?

ሾፌሩ፦
ጥበቃው ያልከው ገባኝ። እኔ ቅርበቱን ነበር የምፈልገው። ከእንግዲህ አላቆምም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ቦታው ተይዞ ሲገኝ ወላጆች ምን ያድርጉ?

የመንትዮች እናት፦
ከስህተቴ የተማርኩትን ልናገር። ረድፉ መጨረሻ ላይ ያለ ቦታ እፈልጋለሁ። በአንድ ጎኑ መኪና የማይቆምበት። ምሰሶ ወይም ግድግዳ ካለ ግን ያው ነው፣ በሩ አይከፈትም። ዕቃ መግፊያ ጋሪ የሚመለስበት አጠገብም እመርጣለሁ። ልጆቹን መኪናው ውስጥ አስሬ ጋሪ ለመመለስ ርቄ መሄድ አልፈልግም።

የአንድ ልጅ አባት፦
ይሄኛውን ሁሉም ወላጅ ያንብበው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ እስከ 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊጨምር ይችላል። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ፈጥኖ ይሞቃል። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ አያድንም። «ቶሎ እመለሳለሁ» ተብሎ የተተወ ልጅ ሞቷል። ጋሪው እዚያው ይቅር፣ ልጁ ግን ብቻውን አይቅር።

መለኪያ፦
ለሾፌሩ ጥያቄ የምጨምረው አለ። ጎኑ ክፍት የሆነ ቦታ ካገኛችሁ ወንበሩ በየትኛው በር በኩል እንደታሰረ አስቡ። ክፍቱ በቀኝ፣ ወንበሩ በግራ ከሆነ ወደኋላ ነድታችሁ አስገቡት። ጎኑ ይገለበጥላችኋል።

የመንትዮች እናት፦
የእኔ ወንበሮች በሁለቱም በር በኩል ናቸው። መንትዮች ሲሆኑስ?

መለኪያ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ሙሉ ስሌቱን እንሥራው። አምስት ተራ ቦታዎች በ2.40 ሜትር ሲባዙ 12 ሜትር ነው። እዚያው 12 ሜትር ላይ አራት ቦታ ቢሰመር እያንዳንዱ 3 ሜትር ይደርሰዋል። 1.80 ሜትር የሆነ መኪና መሐል ላይ ቢቆም በሁለቱም ጎን ከጎረቤቱ 1.20 ሜትር ይርቃል። በሁለቱም በር ልጅ ማስገባት ይቻላል። የግቢው ባለቤት ያጣው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ያውም አራት ሰፊ ቦታ አግኝቶ።

ለዊልቸር ግን ይህ አይበቃም። ለእነሱ መኪናው ወዲያ ወዲህ ቢል የማይጠፋ፣ ለብቻው የተሰመረ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ሁለቱን አንቀላቅል።

ግልጽ ልሁን፦
ከአምስት አንድ ብቻ መሆኑን አላሰብኩም ነበር። አሁንም ሞልቶ ሳለ ባዶ ማየት ይከብደኛል። ሰዓት የተጻፈበት ታፔላ ግን እቀበላለሁ።

የመንትዮች እናት (ከሳምንት በኋላ)፦
ተመልሻለሁ። ሜትር ገዝቼ ሄድኩ። ቦታዎቹን ለካሁ። ተራዎቹ 2.40 ይባላሉ እንጂ አንዳንዶቹ 2.32 ናቸው። ጋሪ የተሳለባቸው ሁለቱ ደግሞ ከተራው በአንድ ሳንቲሜትር እንኳ አይሰፉም! ቀለሙ ብቻ ነው የተለየው። ያን ዕለት እዚያ አቁሜ ቢሆንም በሩ አይከፈትልኝም ነበር። ለሰውየውም ያለ ልኩ ተናድጄበት ነበር ማለት ነው።

የመለኪያን ስሌት በወረቀት ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። እርሳስ አንስቶ ራሱ ደግሞ አባዛው። ከዚያ አብረን ወርደን አየን። በእግረኛ መንገዱ ዳር ያሉትን አምስቱን በአራት ሊያሰምራቸው ተስማማ። መግቢያው ጋ ያሉት ሁለቱ ለሁሉም ይሆናሉ። ታፔላው ላይ ወላጅ፣ አያትና ነፍሰ ጡር እንዲጻፍ ለመንኩት፣ አስብበታለሁ ብሏል። ሳሌም፣ ላንቺ እንኳን አይደርስ ይሆናል፣ በሰላም ያገላግልሽ።

ሳሌም፦
አሜን። ለልጁ ይደርሳል።

ባለዊልቸር፦
እህቴ፣ ቀለሙ ሲቀባ ሄደሽ ስትለኪ የእኛንም ለኪልኝ። በሰያፍ የተሰመረው ክፍት ቦታ 1.20 መሙላቱን እዪልኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ መለካት አልችልም።

የመንትዮች እናት፦
እሺ ወንድሜ። ሜትሩ መኪናው ውስጥ ነው። ለክቼ እዚሁ እጽፍልሃለሁ።